አምስተኛዋ ኳስ በባዶ እግር

ኢንስፔክተር ዱሬቲ ነገሪ ከባጃጅ ወርዳ አብተው ቡና ቤት ስትገባ ሟቹ ገና ከወለሉ አልተነሳም ነበር። እሁድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ውጭ የአዳማ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ ውስጥ ግን የድሮው የጣሊያን ግንብ ቅዝቃዜውን እንደያዘ ነው። ሰይፈሚካኤል በጀርባው ተንጋሏል። የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ ዘለግ ያለ፣ ከቅዳሴ እንደተመለሰ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ላይ በእሳት የተነካ የሚመስል ጥቁር ምልክት አለ። ከራስጌው በላይ፣ አራት የብረት እግሮቹን አንፈራጦ፣ ፍሊፐሩ ቆሟል።

ፍሊፐሩን በአዳማ የማያውቅ የለም፤ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ማለት ነው። ስሙኒ ሲያጎርሱት አምስት የብረት ኳሶች በየተራ የሚሰጥ፣ መስታወት የለበሰ የመጫወቻ ሳጥን ነው። ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ ኳሷ ወደ ጉድጓዱ እንዳትወርድ ይመልሳታል፤ ደወሉ ይጮኻል፤ በግንባሩ ላይ ያሉት አራት የቁጥር ጎማዎች ይሽከረከራሉ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የባቡር ጣቢያው ሰፈር ልጆች እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ማሽን ላይ አድገዋል። ከዚያ ማሽኑ ጠፋ። ሰይፈሚካኤል ጡረታ በወጣ በዓመቱ ዓለም ጤና ከተማ ውስጥ ከአንድ የሽንኩርት መጋዘን አገኘው፤ አስጠገነው። ስለ እሱም ሰባት እሁድ በከተማው ሬዲዮ ተረከ። ከቡልቡላ፣ ከአርሲ ነገሌ ሳይቀር ሽበታም ሰዎች መጥተው በመስታወቱ ላይ እጃቸውን እያሳረፉ ዝም ብለው የቆሙበት ጊዜ ነበር።

ሳጅን አብዱናሲር ሥራውን ጨርሶ ነበር የጠበቃት። ነገሩ ግልጽ ነው አላት፤ ኮረንቲ ነው የያዘው። የማሽኑን የፊት በር በቁልፍ ከፍቶ አይቷል፤ የመሬት ሽቦው ተላቅቋል፤ ኮረንቲ የሚያስገባው ሽቦ ደግሞ የማሽኑን ብረት ነክቷል። ጠጋኙ ምልኬሳ የሚባል ወጣት ኤሌክትሪሻን ነው፤ ከሱቁ ተይዟል።

«ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን። በቸልተኝነት ሰው መግደል።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፤ አጥብቄ አስሬዋለሁ ይላል። ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ነው ይላል።»

ዱሬቲ ከሟቹ እግር ሥር ተቀምጣ ጫማውን ታያለች። ጥቁር፣ ሶሉ ወፍራም ጎማ ነው። የማሰሪያው ቋጠሮ ግን ሰው ራሱ እንደሚያስረው አይደለም፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው እንዳሰረው ወደ ተቃራኒው ዞሯል። አንዱን ጫማ አወለቀች። ካልሲው ተረከዙ ወደ ላይ ሆኖ ነው የተጠለቀው፤ በውስጥ እግሩ በኩልም እርጥብ ነው። ጫማው ደረቅ ነው።

ተነስታ የማሽኑን ግንባር አየች። ስንተኛ ኳስ እንደሆነ በምትናገረው ትንሽ መስኮት ውስጥ የቆመው ቁጥር አምስት ነበር።

«አብዱናሲር፣ ሬዲዮ ትሰማለህ?»

«ኳስ ሲኖር።»

«እኔ እሰማለሁ» አለች።

የሟቹ ሚስት ሶሲ ከባንኮኒው ጀርባ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች እንጂ አታለቅስም። ቡና ቤቱ የአባቷ የአብተው ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህ ባንኮኒ አልራቀችም። ዱሬቲ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ጠዋቱ ጠየቀቻት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ደንበኛ ከመግባቱ በፊት፣ ጽዳቷ ቀመሪያ ወለሉን ትወለውላለች። ልክ በዚያ ሰዓት ሰይፈሚካኤል ስፒናውን ራሱ ይሰካና አንድ ዙር ብቻውን ይጫወታል። ከእሱ ሌላ ስፒናውን የሚሰካ የለም። ሶሲ ከጓዳ ሆና ደወሉን ትሰማ ነበር፤ ደወሉ ቆመ፤ ከዚያ የሚወድቅ ነገር ሰማች። ሮጣ ስፒናውን ነቀለች። ኮረንቲ ሰው ሲይዝ መጀመሪያ ስፒናውን እንጂ ሰውየውን እንዳትነካ አባቷ አስተምረዋታል።

«ከዚያ ጫማውን አደረጉለት» አለች ዱሬቲ ቀስ ብላ።

ሶሲ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ባዶ እግሩን እንዲያዩት አልፈለግሁም። የአብተው አማች ቡና ቤት ወለል ላይ ባዶ እግሩን ተንጋሎ ሞተ ሊባል ነው? መጀመሪያ ጫማውን አደረግሁለት፤ ከዚያ ጮህኩ።»

«ሲጫወት አምስተኛዋ ኳስ ላይ ጫማውን ያወልቅ ነበር አይደል?»

«ከተማው ሁሉ ያውቃል። በሬዲዮ ተናግሮታል።» ከንፈሯን ነከሰች። «እህቴ፣ ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው። ያቺ ማሽን ጣውንቴ ነበረች። ሦስት ወር ከእኔ ጋር ተቀምጦ ራት አልበላም። ሌሊት ሳይቀር ስለ እሷ ነው የሚያልመው። አንድ ቀን በመጥረቢያ እፈልጣታለሁ ብዬዋለሁ፤ ቀመሪያም ሰምታለች።»

«ቀንተውባታል።»

«በደንብ።»

የሟቹ ሁለት የልጅነት ጓደኞች በረንዳው ላይ ነበሩ። አንደኛው ኢሊያስ ነው፤ ግዙፍ፣ ሲነሳ ወንበሩ አብሮት የሚነሳ ሰው። ከመንገዱ ማዶ የፕሌይስቴሽን ቤት አለው። ፍሊፐሩ የተገኘበት የሽንኩርት መጋዘንም የእሱ ነው። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«አባቴ ነው ከጋሽ አብተው የገዛው፤ በኋላ ሥራ ሲያቆም መጋዘን ተጣለ። ሰይፉ ሲለምነኝ ውሰደው፣ ቆሻሻ ነው ብዬ በነፃ ሰጠሁት። ይኸው የእኔ ልጆች ጌማቸውን ትተው እዚህ ይሰለፋሉ። አልቀናሁም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንም።»

«እኔም አላምንም» አለ ኢሊያስ፤ ከዚያ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ፤ ትከሻውም ተንቀጠቀጠ።

ሁለተኛው ኪዳነወልድ ይባላል፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው። አጭር፣ ንጹሕ፣ ሻይውን ሳያንኳኳ የሚያማስል ሰው። ሚስት አላገባም። በየቀኑ ማለዳ እዚህ ቡና ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ያነባል፤ ከዚያ ይሄዳል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖረው። ኢሊያስ ደግሞ ከምሳ በኋላ እዚያው ሶፋ ላይ ጋደም ይላል። ማሽኑ ቅዳሜ ቀትር ላይ ያለ ምንም ችግር ሠርቷል፤ ቅዳሜ ቀትርና እሁድ ቀትር መካከል ሶሲም፣ ኢሊያስም፣ ኪዳነወልድም ብቻቸውን ከማሽኑ ጋር የቆዩበት ጊዜ ነበራቸው።

«ጋሽ ኪዳነወልድ፣ እርስዎስ በጓደኛዎ ይቀኑ ነበር?»

ፈገግ አለ። «እኔ? እኔ የምቀናበት ምን አለኝ?»

«አብራችሁ ስለ ተጫወታችሁበት ጊዜ ይንገሩኝ።»

«ሰይፉ በሬዲዮ ተናግሮታል። እኔ ምን እጨምራለሁ?»

ኢሊያስ ሬዲዮው ላይ የቀረበውን በስልኩ ቀድቶት ነበር። ዱሬቲ እንዲከፍተው ጠየቀችው። የሟቹ ድምፅ፣ ሞቅ ያለና የማይቸኩል፣ በረንዳውን ሞላው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አምስት ነው፤ ዕድሜው አሥር ዓመት። ስሙኒ የለውም። ጫማውን ለጋሽ አብተው አስይዞ አንድ ስሙኒ ተበደረ። አራቱ ኳሶች ቶሎ ቶሎ ወረዱበት። አምስተኛዋን በባዶ እግሩ መታ፤ ቀዝቃዛው ወለል እግሩን እየበላው፣ ኳሷ አልወርድ አለች። ሰው ሁሉ ቢራውን ትቶ ተነሳ። «ቁጥሩ አምስት ሺህ ሲሞላ» ይላል ድምፁ፣ «ጋሽ አብተው ጫማዬን ራሳቸው አምጥተው አጠለቁልኝ። የዛሬዋ ባለቤቴ በማግስቱ ነው የሰማችው፤ ያን ቀን ኩፍኝ ይዟት ተኝታ ነበር።»

ሶሲ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው፤ ዓይኗ የራሰው ያኔ ነው። ዱሬቲ ግን የምታየው ኪዳነወልድን ነበር። ማማሰሉን አቁሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከድምፁ ኋላ ሳይሆን ከፊት ነው የሚሄደው፤ ቃሉ ከስልኩ ከመውጣቱ በፊት ከንፈሩ ላይ አለ፤ ዳዊት እንደሚደግም ሰው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተለያዩ። ስልኩ «አምስት ሺህ» ብሎ ሲያልፍ የኪዳነወልድ ከንፈር ሌላ፣ ረዘም ያለ ነገር ይል ነበር።

«መልሰህ ክፈተው» አለች ኢሊያስን። በሁለተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

ጣቢያ ስትመለስ ምልኬሳን አስጠራችው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ነው፤ አይኖቹ ቀልተዋል። በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብላ ሰላም ስትለው ድምፁ ተሰበረ፤ ከዚያ ራሱን ሰብስቦ መለሰላት።

«አዴ ዱሬቲ፣ ሽቦውን በብሎን ነው ያሰርኩት። ሁለት ቀለበት አድርጌበታለሁ። በራሱ ሊላቀቅ አይችልም።»

«በሩን ከፍቶ የነካ ሰው ካለስ?»

«ቁልፉን እኔ ነኝ አዲስ የቀየርኩት። አንድ ቁልፍ ነው ያለው፤ አቶ ሰይፈሚካኤል አንገታቸው ላይ ነበር የሚያንጠለጥሉት።»

ቁልፉን አብዱናሲር ከሟቹ አንገት ላይ ነው ያወለቀው። በሩን የከፈተውም በዚያ ነው፤ ከዚያ በፊት መነካካቱን የሚያሳይ ጭረት የለም።

«ከሥር በኩልስ?»

«ከሥር ሳንቃ ነው፤ ድፍን። አቧራ እንዳያስገባ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት። አዴ ዱሬቲ፣ ሚስቴ ነገ ችሎት ካየችኝ…»

ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ተመልሳ ቡና ቤቱ ውስጥ ነበረች። ሰው እንዲወጣ አድርጋ ጋቢ አነጠፈችና ከማሽኑ ሥር በጀርባዋ ገባች። ቦታው ጠባብ ነው፤ እንደ ኢሊያስ ያለ ሰው ትከሻው እንኳ አይገባም። ባትሪ ስታበራ የምልኬሳ ቫርኒሽ እንደ ማር አብለጨለጨ። በአንድ በኩል ግን፣ በአራት ማዕዘን ቅርጽ፣ ቀጭን መስመር ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁም አዲስ ነው። ገፋችው፤ አልከፈተም። ሳበችው፤ አልከፈተም። ብዙ ከታገለች በኋላ ወደ ግራ ገፍታ ያንኑ ወደ ታች ስትስበው ሳንቃው እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ ወጣ። ስንጥቁ ባይመራት ይህን አከፋፈት በአንድ ከሰዓት አታገኘውም ነበር። ጊዜ ያለው ልጅ ግን ያገኘዋል። በቀዳዳው እጇን ብትሰድ ሽቦዎቹን ነካች።

ሳንቃውን ገልብጣ ስታየው በውስጥ በኩል በምስማር የተቧጠጠ ቁጥር ነበር፤ ዕድሜው እንጨቱን ጥቁር አድርጎታል። ስም የለበትም። ዱሬቲ ቁጥሩን ደጋግማ አነበበች፤ ከዚያ ሳንቃውን በጋቢዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ራት አልበላችም። ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባው ተነስቶ፣ ከሟቹ ጋር በባቡር ከድሬዳዋ ሲመጡ ባቡሩ አዋሽ ላይ ተበላሽቶ፣ ሐብሐብ በድንጋይ ሰብረው እንዳደሩ ተረከ። ለቀስተኛው በእንባው መሐል ሳቀ። ባቡሩ ላይ የነበረችው እሷ ነበረች። ሐብሐቡን የሰበረችው እሷ ነች። ሰውየው ከባሏ ሰምቶት ይሆናል፤ በኋላ የራሱ መሰለው ይሆናል። ዝም አለች፤ በለቅሶ ቤት ሰው አይታረምም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ሌሊት ባሰበች ቁጥር የሚሰማት የሰውየው ድምፅ ነው። ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ቡና ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ሶሲ ባንኮኒው ጋ፤ ኢሊያስ ሶፋው ላይ፤ ኪዳነወልድ ጥጉ ላይ። ምልኬሳ ካቴናው ሳይፈታ በሳጅን አብዱናሲር አጠገብ በሩ ሥር ቆሟል። ሚስቱ ውጭ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ እንድትገባ ብትለመን እምቢ ብላ ነው።

ዱሬቲ ወደ ማንም አላየችም። መዝገቧን ገልጣ፣ ለፍርድ ቤት የምታቀርበውን አስቀድማ ልታሰማቸው እንደፈለገች ተናገረች።

«ሰይፈሚካኤል የሞተው አምስተኛዋ ኳስ ላይ ነው። ማሽኑ ይመሰክራል። አራቱን ኳሶች በጎማ ሶል ቆሞ ተጫወተ፤ ኮረንቲው አላገኘውም። ለአምስተኛዋ ጫማውን አወለቀ፤ ወለሉ እርጥብ ነበር። ሽቦውን ያገናኘ ሰው ይህን ያውቃል። ምልኬሳ ነው እንዳንል፣ እሱ ያሰረው ሽቦ በሰው እጅ ነው የተፈታው። በበሩ በኩልም አይደለም፤ ሟቹ እስኪሞት ቁልፉ ከአንገቱ አልወረደም። ከሥር የሚንሸራተት ሳንቃ አለ። ምልኬሳ ሳያውቅ ቫርኒሽ ቀባበት፤ ቫርኒሹ ቅዳሜና እሁድ መካከል ተሰብሯል። የሳንቃውን ብልሃት ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ነው የከፈተው።»

«የምን ሳንቃ?» አለ ኢሊያስ። ሶሲም ራሷን ነቀነቀች፤ አታውቀውም።

«ሰይፈሚካኤል ያውቀው ነበር ብዬ ነው የደመደምኩት። በሬዲዮ ማሽኑን በጉልበቴ ነካ ሳደርገው ነፃ ጨዋታ ይሰጠኝ ነበር ብሏል። ጉልበት አይደለም፤ ከሥር እየገባ ነበር የሚያስቆጥረው። ቅዳሜ አንድ ነገር ሊያስተካክል ሳንቃውን ከፈተ፤ ሽቦ አሳሳተ። በገዛ እጁ ነው የሞተው። መዝገቡ ይዘጋል፤ ምልኬሳ ይፈታል።» አንድ ገጽ ገለጠች። «በሬዲዮ የተናገረውንም አያይዤዋለሁ። ባዶ እግሩን ቆሞ አምስት ሺህ ያስቆጠረ ልጅ እሱ እንደሆነ በመንግሥት መዝገብ ይቀመጣል።»

አብዱናሲር ዓይኑን አፈጠጠባት። ኢሊያስ በረዥሙ ተነፈሰ። ጥጉ ላይ ኪዳነወልድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ሊሄድ ይችላል። ተነስቶ ኮፍያውን አድርጎ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ቢወጣ የሚይዘው አልነበረም። ዱሬቲም ይህን ታውቃለች።

«ይሁን» አለች ሶሲ። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «እኔስ ያገባሁት ያንን ልጅ አይደል? ያንን ባዶ እግሩን የተጫወተውን። በኩፍኝ አልጋ ላይ ሆኜ ሲነግረኝ ነው የወደድኩት። እንኳን ተጻፈለት።»

«አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ» አለ ኪዳነወልድ።

ሁሉም ዞሩ።

«አምስት ሺህ አይደለም። አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ነው። ደግሞ ወለሉ ላይ አልነበረም። አጭር ልጅ ወለሉ ላይ ቆሞ እንዴት ይደርሳል? የቢራ ሳጥን ላይ ነበር። የሳጥኑ እንጨት ተነቅሎ ነበር፤ ምስማሩ እግሬን ወግቶኝ እስከ መጨረሻው አላወረድኩትም። ሰይፉ በዚያን ጊዜም ረጅም ነበር፤ ከማሽኑ ሥር አንድ ቀን አልገባም። ሊገባ አይችልም።» ንግግሩ እንደ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እየለየ፣ እያስረዳ። «እሱ አጠገቤ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ያደረገው ይኸው ነው፤ ማጨብጨብ።»

ዱሬቲ ጋቢዋን ፈትታ ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ኢሊያስ ተጠግቶ አነበበ። አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ።

«ይህን ቁጥር ከትናንት በፊት የሚያውቀው የቧጠጠው ሰው ብቻ ነው» አለች። «ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ትናንት ሬዲዮውን ሲሰሙ ከንፈርዎ ከሰይፈሚካኤል ቀድሞ ይሄድ ነበር። ታሪኩን ከእሱ የሰማ ሰው ከኋላው ነው የሚከተለው። አምስት ሺህ ሲል እርስዎ ሌላ ቁጥር ተናገሩ። ሳንቃውን ሳገኘው የቁጥሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ገመትኩ። ወይዘሮ ሶሲና አቶ ኢሊያስ መቅናታቸውን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ አልቀናም ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ግን ግምት ለፍርድ ቤት አይሆንም። ዝም ቢሉ ኖሮ በእጄ ምንም አልነበረኝም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን አልዘጉም አፍዎን?»

ኪዳነወልድ ወደ ሶሲ እንጂ ወደ እሷ አላየም።

«ሃምሳ ዓመት ዘግቼዋለሁ። ቤቱን ወሰደ፤ ይሁን አልኩ። እሷን ወሰደ፤ ይሁን አልኩ፤ ሰርጉ ላይ ሚዜ ሆንኩ። ይህቺ አንዲት ቀን ግን በውስጤ ነበረች፤ ማታ ማታ አውጥቼ አያታለሁ። ከዚያ በሬዲዮ ሰጣት። ለከተማው ሁሉ። መንገድ ላይ ልጆች ‹ሰይፉ ባዶ እግሩ› እያሉ ሲጫወቱ አየሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ ሳስባት እግሮቹ የእሱ ሆኑብኝ።» ወደ ዱሬቲ ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ጫማውን ባያወልቅ አይሞትም ነበር። ውሸቱን አንድ እሁድ እንኳ ቢተዋት አይሞትም ነበር።»

«ይህ ለእርስዎ መከላከያ አይሆንም።»

«አይሆንም።»

ሳጅን አብዱናሲር የምልኬሳን ካቴና ፈታ። ምልኬሳ እጁን እያሻሸ ለአፍታ ግራ ገባው፤ ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣ። ምንም ጩኸት አልተሰማም። የሴት ሳግ ብቻ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ያለ ንግግር፤ ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ የሚሄዱ የሁለት ሰዎች ኮቴ።

ካቴናው ኪዳነወልድ እጅ ላይ ሲገባ ሶሲ ከባንኮኒዋ ጀርባ ወጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች። ከእሷም በግማሽ ራስ ያጥራል።

«ኪዱ» አለች። «አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም? ኩፍኙ ለቆኝ በተነሳሁ ማግስት እዚህ አብረን አልተቀመጥንም?»

«ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ» አለ።

ሶሲ ከወሰዱት በኋላ የጠረጴዛ ልብስ አምጥታ ፍሊፐሩን ከግንባሩ እስከ እግሩ ሸፈነችው። ኢሊያስ አንዱን ጫፍ ይዞ አገዛት።

ዱሬቲ መዝገቧን ባንኮኒው ላይ አድርጋ የተናገረችውን ገጽ በመስመር ሰረዘችና አዲስ ጀመረች። የሟች ስም፣ ቀን፣ የአሟሟት ሁኔታ፣ የተያዘ ሰው። ሳንቃውን በማስረጃነት ስትመዘግብ ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፈችው። ለችሎቱ የሚጠቅመው ይኸው ብቻ ነበር። ብዕሯን ልትከድን ካለች በኋላ ግን ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የቢራ ሳጥን ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ያስቆጠረው ኪዳነወልድ ነው።